አላት ወይስ የላትም?

ሚኒያፖሊስ፣ ጥር አጋማሽ

ይድረስ ለእታለም፣ በእታለም በኩል ለቤቱ ሰው ሁሉ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያስገባኋት ለእማዬ ስል ነው፤ በእሷ ያልተጀመረ ደብዳቤ ከወለደችው ልጅ እንደመጣ አትቀበልም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ስልክ ላይ ገና «ሃሎ» ከማለቴ እማዬ «ከስተሃል» ትላለች። ኪሎዬን የምትመዝነው በጆሮዋ ነው። ወረቀት ላይ ግን እንደፈለግሁ እወፍራለሁ። በዚያ ላይ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝቼ አንዲት ፖስታ የምትገባበት ቦታ ሻንጣው ውስጥ በስንት ልመና ፈቅዶልኛል። ስለዚህ እንደ ልማድሽ ጮክ ብለሽ ታነቢላቸዋለሽ፤ «ለእማዬ አይነበብ» ያልኩበት ስትደርሺ ሳል ሳል ይበልሽና ዝለዪው። ግን መጥነሽ ዝለዪ። የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ለአባባ ስታነቢለት ሒሳብን ዝለዪልኝ ብልሽ ግማሹን ትምህርት ዘልለሽ፣ «ይህ ልጅ የሚማረው ግማሽ ቀን ነው እንዴ?» አስብለሽዋል።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። አባባ ሲሸኘኝ «ውርጭ ያሳደገህ የደብረ ብርሃን ልጅ ነህ፣ የአሜሪካ ብርድ ምን ያመጣል!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ነበር። ይቅር ይበለኝና የእኛ የኅዳር ውርጭ እዚህ ቢመጣ ሰዉ በቁምጣ ወጥቶ ነው የሚቀበለው። ባለፈው ሳምንት ከዜሮ በታች 25 ነበር። አባባ «በሴልሺየስ ነው በፋራናይት?» ማለቱ ስለማይቀር፣ በሴልሺየስ ነው። ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ እዚያ ስንደርስ ጭቅጭቁ ይቀራል። በዚሁ በሚኒሶታ፣ ታወር በምትባል ስፍራ፣ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 1996 ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተመዝግቧል። የአገሩ ሰው ይህን የሚያወራው በምሬት እንዳይመስልሽ፤ ደረቱን ነፍቶ ነው። በዚህ በዚህ ከእኛ ከተማ ሰው ጋር ባንድ እናት የተወለዱ ናቸው።

እማዬ የላከችው ባና በጣም ጠቅሞኛል። (ይህ ለእማዬ አይነበብ፦ ባናውን የማለብሰው መኪናዋን ነው። ማታ ማታ ኮፈኗ ላይ ጣል አደርግላታለሁ። ስንት ቀን የተፈተለ የመንዝ በግ ፀጉር የሚኒያፖሊስ ሞተር ሲያሞቅ ማደሩን ከሰማች ለሌላ ልጅ ነው የምትሰጠው፤ ሌላው ልጅ ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ አፍሽን እጠረጥረዋለሁ።)

አዎ፣ መኪና ገዝቻለሁ። ሸቭሮሌት ክሩዝ፣ የ2014 ሥሪት። አባባ በእኛ አቆጣጠር መስሎት «ልጄ አዲስ መኪና አወጣ» እያለ ጠባሴ ድረስ ማውራቱ ደርሶኛል። አታርሙት። እዚህ አገር መካኒክ ያልቻለውን፣ ሰባት ዓመት ከምናምን የሚሆን እድሜ በነፃ ቀንሶላታል። አንቺ ግን «አሜሪካ ሄደህ መኪና ማስነሣት አቃተህ?» ብለሽ በድምፅ የላክሽልኝን ሳቅ አስቀምጬዋለሁ። መንጃ ፈቃድ ስትፈተኚ ቆሞ የነበረ ድንጋይ ገጭተሽ «ድንጋዩ ፍሬቻ አላሳየም» ያልሽ ሰው መሳቅ አልነበረብሽም።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታዬ ነው። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ሳለብሳቸው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መኪናህ ተነሣች?» እዚህ ክረምት ላይ ሰላምታው ይኸው ነው። «እንዴት አደርክ» የሚለኝ የለም፤ መኪናዬ እንዴት እንዳደረች ግን ከልባቸው የሚጨነቁ ሽማግሌ አሉኝ። በልጅነታቸው፣ ወደ ሰሜን፣ ሰው መኪናውን እንደ ምጣድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ያሳድር እንደነበር አጫወቱኝ። ውሸት መስሎኝ ነበር፣ ለካ እውነት ነው፤ ሞተሩ ሌሊት እንዳይደርቅ የሚያሞቅ ብረት ውስጡ ይቀመጥና ሽቦው በፊት ለፊት በኩል ተንጠልጥሎ ይወጣል። ዛሬም የሚሰኩ አሉ። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሽቦ ልዘርጋ ብል የሦስት ጎረቤት መስኮት አቋርጬ ነው። «እንግዲያው ሪሞት ስታርት አላት?» አሉኝ አዛውንቱ።

አላት ተብዬ ነው የገዛኋት።

ሪሞት ስታርት ማለት፣ ከብርድ ልብስሽ ሳትወጪ የመኪናዋን ሪሞት ትጫኛለሽ፤ እሷ በሯ እንደተቆለፈ ብቻዋን ተነሥታ፣ ማሞቂያዋን ከፍታ፣ ወንበሯን አሙቃ ትጠብቅሻለች። ቅንጦት ይመስላል፤ ግን ቁልፍ ሰክቶ፣ ሞተር አስነሥቶ፣ ወደ ቤት ገብቶ ሻይ መጠጣት በሚኒያፖሊስም በጎረቤቷ በሴንት ፖልም በከተማ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሌባ ሞቆ የጠበቀውን መኪና ይዞ ይሄዳላ።

የሸጠልኝ ወደ ዳላስ የተሻገረ የአገራችን ልጅ ነው። «ሪሞት ስታርት አላት፤ እኔ ብርድ ስለማልፈራ ተጠቅሜባት አላውቅም» አለኝ። ብርድ ስለማይፈራ ነው ዳላስ የሄደው። ሲለየኝ ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ጎን የተለጠፈውን የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አሳይቶ «እሱን ብቻ እንዳትነካ፤ መኪናዋን እዚህ ያደረሳት እሱ ነው» ብሎ አስማለኝ። እኔም ተሳለምኩ።

አላት ወይስ የላትም የሚለውን ማጣራት ቀላል ይመስላል። ፋብሪካው ከገጠመው ሪሞቱ ላይ ክብ የሠራች ቀስት ያለባት በተን ትኖራለች። የእኔ ላይ አለች። ግን ቀፎው ኦርጅናል አይደለም። የዳላሱ ሰው አሮጌው ሲሰነጠቅበት ባዶ ቀፎ ገዝቶ የውስጡን ወደዚያ አዛውሮታል፤ ባዶ ቀፎ ደግሞ ለሁሉም እንዲሆን በተኑን ሁሉ ይዞ ነው የሚሸጠው። ቀስቷ እንግዲህ ከሥሯ ነገር ይኑር አይኑር ምስክር አትሆንም።

ወደ መኪናዋ መጽሐፍ ሄድኩ። መጽሐፉ ከፋብሪካው አብሮ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ስለ ሪሞት ስታርት የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ዘዴኛ ነው፤ «መኪናዎ ካላት» ብሎ ይጀምራል። ካላት እንዲህ ያደርጋሉ፣ ካላት እንዲህ ትሆናለች። እኔ አላት ወይ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እሱ ካላት ይለኛል። የጠባሴዋ አክስታችን ብድር ስትጠየቅ የምትመልሰውን መልስ ነው የመለሰልኝ።

አዲስ መኪና ቢሆን መስታወቱ ላይ ዝርዝሯና ዋጋዋ የተጻፈበት ወረቀት መለጠፍ እዚህ አገር ከ1958 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው። የእኔዋ ወረቀት ስንት ባለቤት በፊት እንደተላጠ አንድዬ ይወቅ። ወደ አንድ መኪና መሸጫም ደወልኩ፤ መለያ ቁጥሯን ከነገርኳቸው ስትሠራ ምን እንደተገጠመላት ማየት ይችላሉ። ቁጥሯ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ነው። እኔ «ቪ» እላለሁ፣ እሱ «ቢ» ይጽፋል፤ «ቢ» እላለሁ፣ «ፒ» ይጽፋል። በመጨረሻ በተናገርከው ቁጥር መሠረት እንዲህ ያለ መኪና አልተሠራም አለኝ። እኔ ውስጧ ቁጭ ብዬ ነው የማወራው።

በዚህ መሐል ገና ደረሰ።

የዚህ አገር የገና ሌሊት ማየት ነበረብሽ። ሰዉ ነጠላውን የሚያጣፋው ከትልቁ የበረዶ ጃኬት በላይ ስለሆነ ምእመኑ በሙሉ ሁለት እጥፍ ይወፍራል፤ እማዬ ብታየን ኖሮ ስለ መክሳቴ ለዘለዓለም ዝም ትል ነበር። ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ደግሞ አንድ ነገር ይመጣል። ነጠላው ሥር እጅ ሥራ ይጀምራል። በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ስታዪ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንዱ መብራት ቦግ፣ ሌላው ቦግ፤ ጭሱ ይትጎለጎላል። አባ በዐውደ ምሕረቱ ላይ «ዲያቆኑ እትዉ በሰላም ሳይል መኪናችሁን ማን አሰናበታችሁ?» ብለው ገሥጸዋል። ሰዉ ይሰማል፣ ያዝናል፣ ይጫናል።

እኔ የምጫነውን ተጭኜ ምንም ቦግ የሚል ስላጣሁ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጥቼ ከመኪናዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። መቆለፊያውን አንዴ ጠቅ፣ ወዲያው ቀስቷን ተጭኖ መያዝ፤ መጽሐፉ የሚለው እንዲያ ነው። ይህን በማደርግበት ሰዓት ጋሼ ሶማሌ ተራ አዩኝ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሲሸጡ ስለኖሩ ሰዉ ሁሉ በሰፈራቸው ይጠራቸዋል።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ውርጭ ቁልፍ ወደ ሰማይ የምታነሣው?»

«አላት የላትም እያጣራሁ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚህች ቃል በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ጋሼ አንድ ሁለት ሰው ጠሩ። የተጠሩት ያልተጠሩትን ጠሩ። ኢንጂነሩ መጣ፤ በሶቪየት ጊዜ ኪየቭ የተማረ፣ አሁን ሰው የሚያመላልስ። መሪጌታ ማኅሌት ያደረበት መቋሚያቸውን እንደያዙ መጡ። እኔ «ኧረ በቁልፍ ትነሣለች፣ ሰላም ናት» እላለሁ፤ «በቁልፍማ የማን መኪና አትነሣም?» ብለው ወደ ጎን ገፉኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የመኪናዬ ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም።

ጋሼ ኮፈኗን ከፈቱ። «ሪሞት ስታርት ያላት መኪና ኮፈኗ ሥር የምትጫን ማብሪያ ነገር አለቻት፤ መካኒክ እጁን ከትቶ እያለ ሞተሩ ባዶውን ተነሥቶ ጣቱን እንዳይወስደው።» ፈለጉ፣ አገኙ። «አላት!» ኢንጂነሩ አንገቱን ነቀነቀ። «ማብሪያዋ ለሌባ ደውልም ትገባለች፤ ይህ ማስረጃ አይሆንም።» ጋሼ ተቆጡ፤ በእሳቸው ቤት ከሶቪየት የመጣ መኪና እንጂ ማስረጃ አይተው አያውቁም።

መሪጌታ በበኩላቸው ገቢና ገብተው ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ሳጥን ሲጎረጉሩ ውስጡ አንድ የተለጠፈ ወረቀት አዩ። ባለ ሦስት ባለ ሦስት ፊደል፣ ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ ተሰልፏል፤ ትርጉም የለው፣ ነጥብ የለው። በባትሪ ብርሃን ጥቂት አነበቡና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ አስማት ነው። ልጄ፣ ማን ነው የቀበረብህ?»

ኢንጂነሩ ነው የዳኘው። ይህ ኩባንያው መኪናዋ ላይ የገጠመውን እያንዳንዱን ነገር በኮድ ጽፎ የሚለጥፍበት ወረቀት ነው፤ ከመካከላቸው «ቢ፣ ቲ፣ ቪ» ካለች ሪሞት ስታርት ከፋብሪካ አላት ማለት ነው። ይህን ከስልኩ አንብቦ ሳይጨርስ ስልኩ በብርዱ ሞተ። መሪጌታ ከእንግዲህ አስማት መሆኑ ስለቀረ በድፍረት ዜማ እየጨመሩ አንድ በአንድ ወረዱት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፦ «ቢ! ቲ! ቪ!»

እልልታ ሆነ። እውነቴን ነው፤ ያን ያህል እልልታ ስመረቅም አልሰማሁም። «በል ተጫን!» አሉኝ። ተጫንኩ። ወዲያው መኪና ተነሣ፣ መብራት ቦግ አለ፣ ሁለተኛው እልልታ ቀለጠ፤ አንዲት ሴት «መድኃኔዓለም!» ብላ መሬት ሳመች። የተነሣችው ግን አጠገቤ የቆመችው መኪና ናት። ባለቤቷ የሌሊት ፈረቃ የምትገባ ነርስ ስትሆን ከአዳራሹ በር ላይ ሆና ነው የተጫነችው። መጥታ ስታይ ኮፈን የከፈተ፣ ባትሪ የያዘ፣ መቋሚያ የተደገፈ ሕዝብ መኪናዋን ከብቦ እልል ይላል። «ምን አጠፋሁ?» አለች ምስኪን።

የእኔዋ ዝም። ኢንጂነሩ መጽሐፉን ተቀብሎ «የማይሠራባቸው ሁኔታዎች» የሚለውን ለሕዝቡ ማንበብ ጀመረ። ኮፈኗ ክፍት ከሆነ አትነሣም። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ ዘጉት። አራቱም ፍሬቻ ከበራ አትነሣም። ሰው እንዳይገጨን ብሎ ያበራው ራሱ ኢንጂነሩ ነበር፤ ይህችን መስመር ቶሎ አለፋት፣ መሪጌታ ግን «ድገማት» አሉት። ማርሹ ፓርክ ላይ ካልሆነ አትነሣም፤ ነው። ዘይቱ ካነሰ፣ ሞተሩ ከጋለ አትነሣም፤ በዚህ ብርድ የጋለ ነገር ያለው የጋሼ ራስ ብቻ ነው። በመጨረሻም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ አትነሣም።

«መብራት የለባትም» አልኩ። እውነት የለባትም።

ጋሼ ሶማሌ ተራ ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥሎ መስኮቱን አጎንብሰው ተመለከቱና «ያን ሥዕል ማን ለጠፈው?» አሉ።

«ሻጩ።»

«አትንካ ብሎሃል?»

«አስምሎኛል።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ እኔ በዚህ መንገድ ስንት መኪና ሸጫለሁ መሰለህ። የዘይት መብራት ካስቸገረ ጊዮርጊስ፣ የሞተር ከሆነ ገብርኤል። ገዢ ሥዕል አያነሣማ!»

እዚህ ላይ ነገሩ ከመካኒክ ወደ ሃይማኖት ተሻገረ። ይነሣ? አይነሣ? መሪጌታ ሲያስቡ ቆዩና፣ ሥዕሉ ከተገቢው ቦታ ዝቅ ብሎ መሪ ሥር መለጠፉ ራሱ ነውር ነው፣ ወደ ላይ ከፍ ይበል ብለው ፈረዱ። ንጹሕ ነጠላ ተዘረጋ። ጥግ ጥጉን በጥፍራቸው እያላቀቁ አነሡት፤ እንደተነሣም በአጠገቡ ያለው ሁሉ ይሳለም ጀመር። ተሳላሚው ሰልፍ ሠራ። አሁን ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ሰልፉን ያያል፣ «ምን ተገኘ?» ይላል፣ «ሥዕል ተነሣ» ይባላል፣ ይሰለፋል። አንዷ ጧፍ አመጣች። ስለት የጠየቀኝም ነበረ። ሳቄን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩ።

ቁልፉን ሰክቼ ሞተሩን ሳስነሣ ሌሎቹ መብራቶች ጠፉ፤ ሥዕሉ በነበረበት ቦታ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ቁልጭ ብላ ቀረች። ስንት ወር ከመልአክ ጀርባ ስትጮህ እንደከረመች!

ያኔ የእያንዳንዱ መካኒክነት ተነሣ። ጋሼ ካንዴላ ነው አሉ። ኢንጂነሩ ሞተሩ ወርዶ መታየት አለበት አለ። ይህን ሁሉ ከኋላ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት እትዬ ማደያ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት፣ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ወደ ሞተሩ ዞር ብለውም አላዩ። ወደ ኋላ ሄደው የነዳጁን መቅጃ ከፈቱና ክዳኑን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረጉት።

«ላልቶ ነው» አሉ። «በየቀኑ ስንቱ ነው እያለቀሰ የሚመጣልኝ። ክዳን ሲላላ የነዳጁ ትነት ይወጣል፤ መኪናዋ ያመማት ይመስላታል። ቀጭ እስኪል አዙረው። መብራቷ ደግሞ ዛሬ አትጠፋም፤ ለጥቂት ቀን ንዳት፣ ራሷ ትጠፋለች።» ነጠላቸውን ሰበሰቡና ሄዱ።

ሕዝቡ ቅር ብሎት ተበተነ። ያን ያህል ብርድ ቆሞ መጨረሻው ክዳን ሲሆን ማንን አያናድድ? ጋሼ ብቻ «ካንዴላም ሳይኖርበት አይቀርም» እያሉ ነው የሄዱት።

(ለእማዬ አይነበብ፦ ሰዉ ሁሉ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ ወደሚፈታበት ቤት ሲሄድ እኔ ማቆሚያው ውስጥ ቀረሁ። እትዬ ማደያ በላስቲክ ሳህን ዶሮ አስይዘውኝ ነበር። ቤት ብሄድም የሚጠብቀኝ ሰው የለም ብዬ እዚያው፣ መሪው ላይ አስደግፌ ፈታሁ። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ቃሪያው ነው። ሳየው ደግሞ ሳህኑ ውስጥ ያለው ፈረሰኛው ነው፤ የሚነጥቀኝ አንቺ የለሽ፣ «ለአባባ ነው» የሚል የለ። እድሜ ልካችሁን የከለከላችሁኝን ፈረሰኛ ብቻዬን በላሁት። እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደተወራለት አይደለም።)

መብራቷ እትዬ ማደያ እንዳሉት ከቀናት በኋላ ጠፋች። በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በካልሲ ቆሜ፣ ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ተጫንኩ። መቆለፊያ፣ ከዚያ ቀስቷን ያዝ። ታች በረዶ የለበሱት መኪኖች መሐል ፍሬቻዋ ብልጭ አለ፣ ጭስ ወጣ። ተነሣች! ካልነዷት አሥር ደቂቃ ሠርታ ራሷ ትጠፋለች፤ አሥሩንም ደቂቃ ቆሜ አየኋት፣ ጠፋች፣ ደግሜ አስነሣኋት። ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አትሠራም፤ ሦስተኛውን ስሞክር ውረድና በቁልፍ አስነሣኝ ብላ እምቢ አለች፤ እኔም ሥራ አረፈድኩ። አዛውንቱ «ተነሣች?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።

የኮሚቴው ነገር ግን አልቆመም። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። ኢንጂነሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደምትበላ ተመዝግቦ ይቅረብልኝ ብሏል። መሪጌታ ሥዕሉን ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ጥግ አዛውረውልኛል፤ ሲያገኙኝ መኪናዋን ሳይሆን እሱን ነው የሚጠይቁኝ።

አባባ «ለቮልሷ አይገጠምላትም ወይ?» ብሎ በስልክ የጠየቀኝን አጣርቻለሁ። ሰሚ ካለ ንገሪው፤ በእጅ ማርሽ መኪና ላይ አይመከርም። አባባ ቮልሷን የሚያቆማት ማርሽ ውስጥ ከትቶ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቆ ነው። ማርሽ ውስጥ እያለች ሞተሪኖው በሪሞት ቢዞር ወደ ፊት ዘልላ ትሄዳለች፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የጎረቤታችን የባሻ አጥር ነው። ደግሞስ ለአባባ ምን ይሠራለታል? ኪሱን ኳ ኳ አድርጎ «ኑ እስኪ ልጆች» ካለ ሰፈሩ ይነሣለት የለም? ሜዳ ከተማ ላይ ቁልቁለት የለ፣ በሬሳ ድልድይ ድረስ ገፍተን «ሁለተኛ ማርሽ! ፍሪሲዮን ልቀቅ!» እያልን የምንጮኸው እኛ ነበርን፤ ከረሜላውን ግን የምታድዪው አንቺ ነበርሽ፣ ለራስሽ ሁለት ሁለት። አሁን የልጆችሽ ተራ ነው። ግፉ በያቸው። አጎታችሁ አሜሪካ የደረሰው ቮልስ እየገፋ ነው በያቸው።

ለጠባሴዋ አክስታችን፣ ለክርስትና አባቴ፣ ለባሻም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። በርበሬውን በሚመጣው ሰው ላኩልኝ፤ ሚጥሚጣም፣ ግን ዘንድሮ እንደ አምናው ፖስታው ውስጥ ቀዳዳ እንዳይኖረው፤ የጉምሩኩ ሰው እስካሁን ያስነጥሳል መሰለኝ።

ወንድምሽ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልዘጋው የዳላሱ ሰው ደወለ። «ሪሞት ስታርቷ ሠራችልህ?» አለኝ። «ሠራች» አልኩት። «አላልኩህም!» ብሎ ኮራብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያን ሥዕል በፖስታ ልትልክልኝ ትችላለህ ወይ አለኝ፤ እዚያ ሌላ መኪና ሊሸጥ ነው። መሪጌታን አማከርኳቸው። «ሥዕሉን አትስጠው፤ የገዢውን ስልክ ግን ተቀበለው» ብለዋል።